ጽሑፍ የሌለበትን መቃብር ልጆች እንዴት ያነቡታል?

ከጣርማበር ወረዳ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«በገጠር ቀበሌ 7ኛ ክፍል የማኅበራዊ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ግብፅ ፒራሚድ ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፤ ቅድመ አያታቸው የት እንደተቀበሩ ግን አያውቁም። ወደ ቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥርና ቆላው ላይ ወዳለው የሙስሊሞች መቃብር ወስጄ የአካባቢያቸውን ታሪክ ላስተምራቸው አስቤአለሁ። ነገር ግን አብዛኛው መቃብር የድንጋይ ክምር ነው፤ ስም የተጻፈበት ከአሥራ ሁለት አይበልጥም። አንዳንድ ወላጆችም ‹ልጆቻችንን ሙት እንዲለክፋቸው ነው ወይ?› ብለውኛል። ክፍሉ ደግሞ 58 ተማሪ አለው። ከየት ልጀምር?»

የተከበሩ መምህር፣

የድንጋይ ክምሩን ጉዳይ እናስቀድም፤ የሌሎቹ ጥያቄዎች መልስ ከእሱ ይከተላልና። በሰሜን ሸዋ ገጠር መቃብር ላይ ስም ማስጻፍ በብዛት የተለመደው ሲሚንቶ በየገበያው መገኘት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ቤተሰብ መቃብሩን የሚያውቀው በቦታው ነበር፦ ከወይራው ሥር፣ ከአባቱ ግርጌ፣ ከቤተልሔሙ ጀርባ እየተባለ። እንግዲህ ስም ያለባቸውን አሥራ ሁለቱን ብቻ ይዘው ከሄዱ ልጆቹ የሚያገኙት የባለ ማዕርጎችን፣ አቅም የነበራቸውንና የቅርብ ጊዜ ሟቾችን ታሪክ ነው። ሲያርስ የኖረው ገበሬ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በወሊድ የሞተችው እናት ከታሪኩ ይወጣሉ። ስለዚህ ሥራውን ስም ከሌለው ክምር ይጀምሩት፤ የተጻፈበት ድንጋይ በኋላ ይደረስበታል።

ስም የሌለው መቃብር በመጀመሪያ የሚነበበው በቦታው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካህናትና ቤተ ክርስቲያኑን የደገፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ሕንፃው ቀረብ ብለው ያርፋሉ፤ ሌላው ምእመን ወደ ቅጥሩ ዳርና ውጭ ይሰፋል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ስለሚቀበር አንድ የታወቀ መቃብር ካገኙ ዙሪያውን ያሉት ክምሮች የዚያው ዘር የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን አስቀድመው ማስጠንቀቅ ያለብዎት ነገር አለ፤ በተጣበበ ቅጥር ውስጥ አንዱ ቦታ ከዓመታት በኋላ ለሌላ የቤተሰብ አባል ተመልሶ ይከፈታል። አንድ ክምር የሁለት ወይም የሦስት ሰው ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ክምር ቆጥረው «በዚህ ቦታ 140 ሰው ተቀብሯል» ብለው እንዳይጽፉ፤ የቆጠሩት ክምር እንጂ ሰው አይደለም።

ቀጥሎ አቅጣጫ ይነበባል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሟች ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል፤ በትንሣኤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። ሙስሊም ሟች ደግሞ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ማለትም ወደ መካ አቅጣጫ፣ ይዞራል። መካ ከሰሜን ሸዋ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፤ ደብረ ሲናና መካ ያሉበት ኬንትሮስ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ እኩል ለእኩል የሆነ ነው። በቀኝ ጎን ተጋድሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ እግሩ ወደ ምዕራብ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አገር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መቃብር ርዝመቱ ከምሥራቅ ምዕራብ ነው፤ የሚለየው የራስጌው ወገን ነው። ባለቤቱ የጠፋ አሮጌ ክምር ሲያጋጥማቸው ልጆቹ በአቅጣጫው ብቻ «የእኛ ነው»፣ «የእነሱ ነው» ማለት እንደማይችሉ በዚህ ይገባቸዋል። ይህን በክፍል ሲያስረዱ ልጅ አስተኝተው አያሳዩ፤ ወላጅ ሰምቶ ሟርት ይለዋል። በአንድ ጎኑ ፊት የተሣለበት እርሳስና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ካርታ ይበቃል።

አቅጣጫውን ልጆቹ ራሳቸው ይለኩ። የስልክ ኮምፓስ ብረት አጥርና ቆርቆሮ አጠገብ ይስታል፤ ጥቁር ድንጋይም ሊያሳስተው ይችላል። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ ሜዳ ላይ አቁመው ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርጉ። ጥላው እጅግ ያጠረበት ጊዜ ሰሜንን ያሳያል፤ በየካቲት ይህ የሚሆነው 6 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት በኋላ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ግን ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በዚያ ወቅት ከሠሩት ውጤቱ ተገልብጦ ይመጣል። መለኪያውን ከጉብኝቱ ቀን በፊት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ያለማምዷቸው።

የክምሩ መልክም ይናገራል፤ ግን ሲናገር በጥርጣሬ ይደመጥ። መሐሉ የሰረጎደ ክምር ከሥሩ ያለው ነገር በስብሶ አፈሩ ስለወረደ ብዙ ጊዜ ቆየት ያለ ነው። የድንጋይ ሽበት፣ ማለትም ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ግራጫ ልባስ፣ የሸፈነው ክምር እንዲሁ። ይሁን እንጂ በጥላና በእርጥበት ያለ ድንጋይ ፀሐይ ከሚመታው ቀድሞ ይሸብታል፤ በደጋው ጉም የሚውልበት ቅጥርና በቆላው ያለው ደግሞ ጭራሽ አይነጻጸሩም። ልጆቹ «ይህ ከዚያ ይቀድም ይሆናል» ብለው ይጻፉ፤ ዓመተ ምሕረት አይስጡት።

ዓመቱን የሚሰጠው ሰው ነው። የአገራችን ሽማግሌ «በ1931 ሞቱ» አይልም፤ «ጣሊያን ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው» ይላል። ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለመነሻ ዓመታት ይስጡ። ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ አድዋ 1888፣ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል ባለው ሜዳ የተደረገው የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው መጋቢት 1928፣ የጣሊያን መውጣት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 1967፣ ያ ክፉ ድርቅ 1977። አንድ ረጅም ገመድ ግድግዳ ላይ ወጥረው እያንዳንዱን ዓመት በካርቶን ያንጠልጥሉ፤ ከጉብኝቱ በኋላ የሚገኙት ሟቾች በእነዚህ መካከል ይገባሉ። የመማሪያ መጽሐፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጻፈ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መቀነስን አብረው ያስተምሩ። የኅዳር በሽታን ልጆቹ በ1918 እና በ1911 የደረሱ ሁለት ወረርሽኞች አድርገው የሚጽፉት ይህ ሲዘለል ነው።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ዘር ቆጠራ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር ለጋብቻ ሲባል በየቤቱ ያለ እውቀት ነው፤ በመንዝና በአካባቢው ደግሞ የርስት ክርክር በአያት ቆጠራ ይፈታ ስለነበር ብዙ ነገር በቃል ተጠብቋል። እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አራት ትውልድ በአባቱም በእናቱም በኩል ጠይቆ ይምጣ። የእናት ወገን እንዳይረሳ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ ካልተነገራቸው ሁሉም የአባት ስም ብቻ ደርድረው ይመጣሉ፣ የሴቶቹም መቃብር ባለቤት ያጣል። ወላጁ የሞተበት ወይም ከዘመድ ጋር የሚያድግ ልጅ ካለ የአሳዳጊውን ቤተሰብ ወይም የፈለገውን ሽማግሌ ዘር እንዲቆጥር አስቀድመው ለብቻው ይንገሩት፤ በክፍል ፊት ቆሞ ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድ።

አሁን ወደ ተጻፈባቸው ድንጋዮች። ልጆቹ የግእዝ ቁጥርን ማንበብ አለባቸው፤ እስከ ፲ ያለውን፣ አሥሮቹንና ፻ን ካወቁ ይበቃል። ከ፻ በፊት ያለው መቶዎቹን፣ ከ፻ በኋላ ያለው ቀሪውን ይሰጣል፤ ፲፱፻፳፯ ማለት 1927 ነው። ባረጀ ድንጋይ ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ደግነቱ በብዙ መቃብር ላይ የወንጌላዊው ዘመን አብሮ ይጻፋል፤ ይህ ማረጋገጫ ነው። በዓመቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ልጁ «፲፱፻፳፮ ዘመነ ሉቃስ» ብሎ ቢያነብ 7426 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ስለሆነ ማርቆስ ይመጣል፤ እንግዲያው የመጨረሻዋ ፊደል ፯ መሆን አለባት፤ 7427 ቀሪው 3፣ ሉቃስ። ልጆች ይህን ስሌት ይወዱታል፤ የሒሳብ መምህሩንም ይጋብዙ።

ስምም ወጥመድ አለው። ድንጋዩ ላይ ወልደ ገብርኤል ወይም ወለተ ማርያም ተብሎ ከተጻፈ ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ነው፤ መንደሩ ያንን ሰው በዓለም ስሙ ብቻ ያውቀው ይሆናል። ልጆቹ አንዱን ሰው ሁለት አድርገው እንዳይመዘግቡ ለሁለቱም ስም ቦታ ያብጁ። እማሆይ የሚለው ቅጽል ብዙ ጊዜ የሚነግረን ሴትየዋ በኋላ ዘመናቸው መመንኮሳቸውን ነው፤ ባል፣ ልጅና ቤት የነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉትን ማዕርጎች ቅደም ተከተል በክፍል ያስጠኑ። «በተወለዱ በ80 ዓመታቸው» የሚለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ የተጠጋጋ ስለሆነ ከእሱ የሚገኘው የልደት ዓመት አጠገብ «ገደማ» የምትል ቃል ትጻፍ።

የደበዘዘ ጽሑፍ የሚነበበው በመስታወት ነው። አንድ ልጅ የእጅ መስታወት ይዞ የፀሐይን ብርሃን ከጎን በኩል ድንጋዩን አስታክኮ ይልካል፤ የተቀረጸው ፊደል ጥላ ሠርቶ ይወጣል። ከፊት ለፊት ቢያበራበት ምንም አይታይም። ጠመኔ፣ ከሰል፣ ዱቄት አይቀባ። ጠመኔው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ በላይ ግን ቀቢው የገመተውን ፊደል ስለሚያጎላ ቀጣዩ አንባቢ ስሕተቱን እንደ እውነት ያነበዋል። የድንጋይ ሽበት በቢላ ወይም በሽቦ ብሩሽ አይፋቅ፤ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይነሣል፣ ከጽሑፉ የተረፈውም አብሮ ይሄዳል። ሲገለብጡ ፊደል በፊደል፣ የጸሐፊው ግድፈት እንኳ ሳይታረም፣ የማይነበበው ቦታ በነጥቦች ተተክቶ ይሁን።

የወላጆቹን ስጋት በክርክር አይፍቱት። «ሙት አይለክፍም» ብለው ለማስረዳት ከተነሡ ጉዳዩ የእምነት ሙግት ይሆናል። ወላጅን የሚያሳርፈው ቄሱና ኢማሙ አብረው መኖራቸው፣ ሥራው በቀን መሆኑ፣ ልጁን ማስቀረት መብቱ መሆኑ ነው። ፈቃዱን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀምሩ፤ ማኅተም ያለበት የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ለሰበካ ጉባኤው፣ ሌላው ለመስጊዱ ኮሚቴ፣ ግልባጩ ለቀበሌው ይድረስ። ከዚያ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ፣ የእድሩ ዳኛም በስብሰባ ለሕዝቡ ይንገሩ። ይህ ማስታወቂያ ከተዘለለ ገመድና ደብተር ይዘው በመቃብር መካከል የሚመላለሱ ልጆችን ያየ መንደር ወይ «ወርቅ ሊቆፍሩ ነው» ወይ «መንግሥት ቦታውን ሊወስደው ነው» ይላል፤ አንድ ጊዜ ከተወራ የሚመልሰው የለም። የፀጥታውንም ሁኔታ ከቀበሌው ጋር በዚያው ሳምንት ያረጋግጡ፤ የሚያጠራጥር ነገር ካለ ጉብኝቱ ይቆይ።

አንድ ድንበር ያለ ድርድር ያስምሩ፦ ከ1967 ወዲህ የተቀበረ ሰው አይመዘገብም። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ቤተሰቡን ያጣ ልጅ በክፍልዎ ሊኖር ይችላል፤ የትኩስ መቃብር ዙሪያ የሐዘን ቦታ እንጂ የትምህርት ቦታ አይደለም። ከጉብኝቱ በፊት በነበሩት 40 ቀናት ቀብር የተፈጸመበት ጥግ ካለ ልጆቹ በዚያ እንዳያልፉ መንገዱን ይቀይሩ። በዕለቱ ቀብር ከመጣ ሥራው ወዲያው ይቁም፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ከትተው ከለቀስተኛው ጋር ይቁሙ ወይም በጸጥታ ይውጡ።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። 7ኛ ክፍል ውስጥ የወር አበባ የጀመሩ ልጆች አሉ፤ በዚያ ጊዜ ወደ ቅጥሩ መግባት የማይፈልጉ ይኖራሉ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ጥላ ሥር፣ ቃል የሚቀበልና ካርታ የሚሥል ቡድን ያቋቁሙ፤ ማንም ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ ምክንያት ሳይጠየቅ ይህን ሥራ መምረጥ ይችላል። ሙስሊም ተማሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ክርስቲያን ተማሪ ወደ ሙስሊም መቃብር መግባት ቢከብደው መሸሸጊያው ይኸው ነው። በሙስሊሙ መቃብር ሴቶች ይገቡ እንደሆነ ኢማሙን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልማዱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሁለቱም ቦታ መቃብር ላይ አይቆምም፣ አይቀመጥም፣ በክምሮቹ ላይ አይዘለልም፤ ምግብም አይበላም።

58 ልጅ በአንድ ጊዜ አይሆንም። በሁለት ቀን 29፣ 29 ያድርጓቸው፤ እያንዳንዱ ቀን አምስት ቡድን፣ በቡድን ስድስት (አንዱ አምስት)፣ በየቡድኑ አንድ አዋቂ። ሁለቱ ይለካሉ፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ጽሑፍ ያነባል፣ ስድስተኛው የተጻፈውን ከመቃብሩ ጋር እያመሳከረ ያርማል፤ ይህ የመጨረሻው ሥራ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቁጥር ተዘዋውሮ የ14ቱ መረጃ በ15 ላይ የሚጻፈው እሱ ሲጠፋ ነው። ለአንድ መቃብር 10 ደቂቃ፣ ለአንድ ቡድን 8 መቃብር ይበቃል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይቆዩ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ይደክማሉ፣ ጨዋታም ይጀመራል። በደጋው በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ስላለ ከ4 ሰዓት በፊት አይጀመር፤ መከሩ ያለቀበት ጥርና የካቲት ይሻላል። ዐቢይ ጾም ከገባ የሚጾሙ ልጆች ከቀትር በኋላ አቅም ያጣሉና ከ6 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፤ የጥላውን ልኬት ከዚህ ቀን ለይተው በትምህርት ቤት ያድርጉት ያልነውም በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው።

ለመለኪያ 20 ሜትር የቃጫ ገመድ በየሜትሩ ቋጠሮ፣ በየ5 ሜትሩ ቀይ ጨርቅ ያድርጉበት። አዲስ ቃጫ ጤዛ ሲነካው ስለሚያጥር መጀመሪያ አርጥበው ወጥረው ያድርቁት፤ ከዚያ ይቋጥሩት። እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍ ይላል፣ ዝናብ ቢነካውም ይፈሳል፤ እርሳስ ይሁን። ክምር ድንጋይ ውስጥ እባብና ጊንጥ አይጠፋም፣ ዙሪያውንም ሳማ ይበቅላል፤ እጅ ወደ ቀዳዳ አይግባ፣ ድንጋይ አይነሣ፣ ጫማ የሌለው ልጅ ከውጭው ቡድን ጋር ይሥራ።

ሽማግሌዎቹን አንድ ላይ አያስቀምጧቸው። ሁለት አዛውንት ጎን ለጎን ከተቀመጡ ታናሹ ታላቁን ስለሚያከብሩ «እሳቸው እንዳሉት ነው» ብለው ያልፋሉ፤ የሚያውቁት ልዩ ነገር ይቀራል። ለየብቻ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቡድን፣ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ። እናቶችንም ይጥሩ፤ ማን ከማን ተጋባ፣ ማን በየትኛው ዓመት ወለደች የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጥያቄው ከስድስት አይብለጥ፤ የመጨረሻው ሁልጊዜ «ይህን ማን ነገረዎት?» ይሁን። በዓይን ያዩት፣ ከአባታቸው የሰሙትና በመንደር የሚወራው በደብተሩ ላይ ተለይቶ ይጻፍ። ሁለት ሽማግሌ ሁለት ነገር ከተናገሩ ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ልጆቹ ድምፅ ሰጥተው አንዱን እንዳይሽሩ። የአሟሟት ምክንያት፣ የደም ነገር፣ የመሬት ክርክር፣ በዘርና በሙያ የመናናቅ ጉዳይ አይጠየቅም። ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቤተሰቦች በአገራችን የቀመሱት ንቀት ገና አልሻረም፤ አንድ ቃል ከተወረወረ ልጁ ትምህርት እስከማቋረጥ ይደርሳል። ሽማግሌው ራሳቸው ካነሡት አዋቂው ወሬውን በአክብሮት ይመልሱ፣ ያም አይጻፍ።

ከታወቁት መቃብሮች ርቆ በሜዳ ወይም በኮረብታ ላይ ሰፊ የድንጋይ ጉብታ ካለ መንደሩ «የግራኝ ጊዜ ነው» ሊል ይችላል። በመንዝ መሻለ ማርያም አካባቢ በጥናት የተቆፈሩት እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ግን ከግራኝ መቶዎች ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው፤ በደጋው ሸዋና በወሎ ጠርዝ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት የኖሩ፣ ሙታናቸውን ከሸክላ ዕቃና ከዶቃ ጋር ይቀብሩ የነበሩ ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። ግራኝ አሕመድ የዘመተው በ16ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የቆላው ልጆችም የይፋት ሱልጣኔት የወላስማ ነገሥታት ዘመን ፍርስራሾች፣ ኖራ እንደምትባለው ጥንታዊ ከተማ ያሉት፣ በገዛ አገራቸው መኖራቸውን ይወቁ። ጉብታውን ሳይወጡበት ይለኩ፦ ዙሪያውን በገመድ ከብበው ርዝመቱን ለ3.14 ያካፍሉ፣ ወርዱ ይገኛል። አንድ ጠጠር አይነሣ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ የተገለጠ ዕቃ ካዩ እንዳለ ትተው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ።

የጣሊያን ዘመን ነገር ሲነሣ ልጆቹ ብዙ ይጠይቃሉ። ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው አርበኞች የተዋጉበት አገር ነው፤ በግንቦት 1929 ከደብረ ሊባኖስ የተወሰዱ ዲያቆናት ደብረ ብርሃን አካባቢ እንገጫ በተባለ ቦታ ተረሽነዋል፤ በሚያዝያ 1931 በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አልቀዋል። ይህን በክፍል ያስተምሩ፤ ወደ ዋሻው ግን ልጆች አይውሰዱ። አጽም ያለበት ቦታ ለ13 ዓመት ልጅ ይከብዳል፤ ለሟቾቹም ክብር አይሆንም።

ከጉብኝቱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይመድቡ፤ ብዙ መምህር እዚህ ላይ ያቋርጣል፣ ደብተሮቹም በየቤቱ ይቀራሉ። በመጀመሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ለ2 ሜትር በሆነ መጠን ካርታውን ይሥሉ፤ 60 በ80 ሜትር የሆነ ቅጥር 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ይገባል። በሁለተኛው ስሞቹ ወደ ዓመታቱ ገመድ ይገባሉ፤ በአንድ ዓመት ላይ ብዙ ሰው ሲከማች «በዚያን ጊዜ ምን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ ከልጆቹ ይመጣል። በሦስተኛው መዝገቡ በንጹሕ ይገለበጣል፦ ተራ ቁጥር፣ ቦታ፣ ርዝመትና ወርድ፣ መልክ፣ ዛፍ፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ የዓለምና የክርስትና ስም፣ የተናጋሪው ዝምድና፣ የተነገረው፣ ቀን። ፎቶም ሆነ መዝገቡ በፌስቡክና በቲክቶክ አይለጠፍ፤ ባለቤቶቹ ቤተሰቦች ናቸው።

መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለትምህርት ቤቱ፣ የየቦታው ድርሻ ደግሞ ለሰበካ ጉባኤውና ለመስጊዱ ኮሚቴ ይሰጥ። ከማስረከብዎ በፊት ሽማግሌዎቹ ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ የሚታረመው በዚያ ይታረማል፣ እንዳይጻፍ የሚፈልጉትም ይወጣል። በሁለቱ ቀን 80 ያህል መቃብር ይመዘገባል፤ የሚመጣው ዓመት 7ኛ ክፍል ከ81 ይቀጥላል።